ለኤስዩቪ ሾክና ስትራት መምረጥ፦ የትኛው ለየትኛው መኪና?

«የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ሾክ ሊቀይር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና አልደረሰም። ከብራንዱ በፊት መልስ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። መኪናው ሥር የተገጠመው ምን ዓይነት ነው? አዘውትሮ ምን ያህል ጭነት ይዞ ይሄዳል? የሚሄድበት መንገድስ ምን ይመስላል? እነዚህ ከተመለሱ የብራንዱ ጉዳይ በራሱ ጊዜ ወደ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ይጠባል። ከብራንድ የጀመረ ሰው ግን ውድ ዕቃ ገዝቶ፣ መኪናውን ከበፊቱ የባሰ የሚያንገጫግጭ አድርጎት ሊያርፍ ይችላል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ጭነት የማያበዛና አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚውል ኤስዩቪ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጋር እኩል ደረጃ ያለው ሾክ ይበቃዋል። ትርፍ ገንዘብ ካለ በዙሪያው ባሉት ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማቀፊያዎች)፣ በላይኛው ማውንት (ከቦዲው ጋር በሚያያይዘው መቀመጫ) እና በኩሽኔታው ላይ ቢውል ልዩነቱ የበለጠ ይሰማል። ጠንካራ ሾክ ሁሉ የተሻለ ሾክ አይደለም። ይህን የምለው ብዙ ሰው «የማይበገረውን ስጠኝ» ብሎ ገዝቶ፣ ልጆቹ ከኋላ ወንበር «ወገባችን አለቀ» እያሉ ሲያማርሩ ስለምሰማ ነው።

መጀመሪያ ሥሩን እዩ

ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያ ይዘረጋል። የሚይዘው ካላገኘ መዝለሉን ይቀጥላል። ሾኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች በኩል በግድ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይበርዳል። ከረጅም መንገድ በኋላ ሾክ በእጅ የማይነካ እስኪሆን የሚግለውም ለዚህ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ግን ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው፤ ሾኩ አይሸከምም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ጭነት ስናወራ ትፈለጋለች።

ስትራት ይህንኑ ሥራ እየሠራ ሌላም ኃላፊነት ደርቦ ይይዛል። ሞላው እላዩ ላይ ተቀምጧል። ጎማው የሚቆምበትን አንግል የሚወስነው እሱ ነው። መሪ ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ማውንትና ኩሽኔታ አለው። ማክፈርሰን የሚባለው ይህ አሠራር ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከኧርል ማክፈርሰን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በፎርድ ኮንሰልና ዜፊር ላይ በስፋት ተገጠመ። ዛሬ ራቭ4፣ ተክሰን፣ ስፖርቴጅ፣ ኤክስ-ትሬል የመሳሰሉት ሁሉ ፊታቸው በዚሁ ነው የሚቆመው።

በሻንሲ ላይ የተሠሩት ይለያሉ። ፕራዶና ፎርቹነርን ብትመለከቱ ፊት ለፊት ሞላው ሾኩን ከብቦት ታገኛላችሁ። ሲያዩት ስትራት ይመስላል፤ ነገር ግን መሪ ሲዞር አብሮ አይዞርም፣ ጎማውን የሚይዙትም ከላይና ከታች ያሉት ክንዶች ናቸው። ከኋላ ደግሞ ሞላው ለብቻው፣ ሾኩ ለብቻው ነው። ላንድክሩዘር 80 እና ፓትሮል ዋይ61 ላይ ፊትም ኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በአንድ ብረት የሚያያይዝ) ስላለ አራቱም ሾኮች ለየብቻቸው የተንጠለጠሉ ናቸው።

ይህ ልዩነት የሚታየው የእጅ ዋጋ ላይ ነው። ለብቻው የቆመ የኋላ ሾክ ከላይና ከታች ተፈትቶ ይወጣል፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ስትራት ግን ሞላው በልዩ መሣሪያ መታመቅ አለበት፣ ማውንቱ ይፈታል፣ መጨረሻ ላይም አላይመንት (የጎማዎቹን አንግል ማስተካከል) ይመጣል። ሁለተኛ ላለመክፈት ሲባል ስትራት ላይ ርካሽ ዕቃ አለመግጠም ይሻላል። በሁለት ብሎን በሚወጣ የኋላ ሾክ ላይ ግን ትንሽ ቢቆጠብ የከፋ ነገር የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመኪናውን ስም ብቻ ተናግሮ ዕቃ ማዘዝ አያዛልቅም። ሆንዳ ሲአር-ቪን ውሰዱ። የመጀመሪያው ትውልድ ፊቱ ድርብ ክንድ ያለው ነው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ ስትራት ተቀየረ። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ፈጽሞ ሌላ። ባለ ሁለትና ባለ አራት ጎማ ነጂ፣ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ሰው ሞዴሎችም ሾካቸው ሊለያይ ይችላል። የፊት ስትራት ደግሞ ግራና ቀኝ አለው፤ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ መያዣው በየጎኑ ስለሚለይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

እውነት አልቋል?

የመኪናውን ጥግ በእጅ ተጭኖ ስንት ጊዜ እንደሚዘል መቁጠር የቆየ ዘዴ ነው። ኤስዩቪ ላይ ብዙም አላምነውም። መኪናው ከባድ ነው፣ እጅ የሚፈጥረው እንቅስቃሴም ቀርፋፋ ነው። በፍጥነት ሲነዳ የሚሸነፍ ሾክ በዚህ ፈተና ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ደጋግሞ ከዘለለ አዎ፣ አልቋል። ካልዘለለ ግን ምንም አላወቃችሁም።

የተሻለው ምስክር ጎማው ነው። መኪናው ቆሞ፣ መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። በጣም የተበላ ጎማ ሽቦው ሊወጣ ስለሚችል መጀመሪያ በዓይን እዩት። ገጹ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ እያለ በየተወሰነው ርቀት ጎድጎድ ካለ ጎማው መንገዱን እየለቀቀ ተመልሶ ሲመታ ኖሯል ማለት ነው። ይህ የደከመ ሾክ ምልክት ነው። አንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ አላይመንት ይሂድ።

ቀጥሎ ዘይቱን። ከላይ በኩል፣ ዘንጉ በሚገባበት አካባቢ፣ አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ቢታይ አያስደነግጥም። ዘንጉ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር ትንሽ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ጤነኛ ሾክም ያደርገዋል። ቱቦው እስከ ታች ረጥቦ ከሆነ፣ ወይም ከተጠረገ በኋላ በጥቂት ቀን ተመልሶ ከረጠበ፣ በዘንጉ ዙሪያ ዘይቱን የሚያግደው ማሸጊያ፣ ማለትም «ሲል» የሚባለው፣ ለቋል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን የሚደፋ፣ ኩርባ ላይ ከልክ በላይ የሚያዘነብል፣ የፍጥነት መቀነሻ ካለፈ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን የማያቆም መኪናም ያው ምልክት እያሳየ ነው። ብዙ አምራቾች 80,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይመርመር ወይም ይቀየር ይላሉ። ኮረኮንች የሚበዛበት መኪና ይህን ያህል ላይቆይ ይችላል።

ስለ ድምፅ ግን ረጋ በሉ። ጉድጓድ ላይ «ቋ ቋ» የሚል ሁሉ ሾክ አይደለም። ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘሩ (ኩርባ ላይ ማዘንበልን የሚገታው ብረት) ሊንክ፣ የስትራቱ ማውንት፣ ያለቀ ጎሚኒ ወይም ቴስቲና (ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ሆኖ ይገኛል። አራት ሾክ ተገዝቶ ድምፁ እዚያው ሲቀር የሚያሳዝነው፣ መፍትሔው አንድ ትንሽ ሊንክ መሆኑ ኋላ ላይ ሲታወቅ ነው። ከመግዛት በፊት መካኒኩ መኪናውን አንስቶ እያንዳንዷን መገጣጠሚያ በሌቫ (በረጅም ብረት) ያነቃንቅ።

ባለ ሁለት ቱቦ ወይስ ባለ አንድ ቱቦ

ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ ከብራንዱ የበለጠ መኪናውን የሚቀይረውም ይኸው ነው።

ባለ ሁለት ቱቦው፣ ስሙ እንደሚለው፣ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የገባ ነው። ፒስተኑ በውስጠኛው ይመላለሳል። የተረፈው ዘይት ታች ባለው ቫልቭ አልፎ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ወዳለው ክፍት ቦታ ይሄዳል። የጋዝ የሚባለው ዓይነት እዚያ ላይ ናይትሮጂን ይጨመርበታል፤ ግፊቱ ግን ዝቅተኛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ባር በታች። አብዛኞቹ ኤስዩቪዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚህ ነው። ለስላሳ ነው። ዋጋው ይቀላል። ድንጋይ ዘሎ የውጭውን ቱቦ ቢያጎደጉደው እንኳ ፒስተኑ የሚሄደው በውስጠኛው ስለሆነ ሥራውን ይቀጥላል።

ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው። ዘይቱ የሚገኘው ከውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። ረጅም ኮረኮንች ላይ ፒስተኑ ሳያርፍ ሲመላለስ ዘይቱና ጋዙ ይቀላቀሉና እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይሆናሉ። አረፋ በቫልቭ ሲያልፍ የሚገባውን ያህል አይገታም። ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው መኪናው ጠዋት ደህና ተነስቶ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ መንሳፈፍ ሲጀምር ነው። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ሰው «ዛሬ ምን ሆነ?» ብሎ ይረሳዋል።

ባለ አንድ ቱቦው ይህን ለመፍታት የመጣ ነው። አንድ ወፍራም ቱቦ አለ፣ ፒስተኑ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ታች ደግሞ ዘይቱን ከናይትሮጂኑ ፈጽሞ የሚለይ ተንሳፋፊ ፒስተን አለ። ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ባር የተለመደ ነው። ዘይቱና ጋዙ ስለማይገናኙ አረፋ አይፈጠርም። ዘይቱ የውጭውን ግድግዳ ስለሚነካ ነፋሱ በቀጥታ ያቀዘቅዘዋል። ፒስተኑም ሰፊ ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው የክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን ነው። ቢልስታይን ይህንኑ በ1957 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ምርት ለመርሴዲስ ቤንዝ ማቅረብ ጀመረ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ይህን አይገዛም? በሦስት ምክንያት። ዋጋው ከፍ ይላል። በዝግታ ሲነዳ ትንንሽ እብጠቶችን ያሰማል፤ የጋዙ ግፊትና የሲሉ ሰበቃ ሾኩ ለትንሽ ነገር ወዲያው እንዳይታዘዝ ያደርጉታል። ሦስተኛው ከመንገድ ውጭ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው፦ ቱቦው ከጎደጎደ ፒስተኑ እዚያ ላይ ይነክሳል፣ ሾኩም አለቀለት። ድንጋያማ ቦታ የሚገባ መኪና ላይ ባለ አንድ ቱቦ ከተገጠመ መከለያ ያለውን ወይም ግድግዳው ወፍራም የሆነውን መምረጥ ግድ ነው።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ እየቆሙ እየተነሱ፣ ቅዳሜና እሁድ አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ ለሚሄዱ፦ ባለ ሁለት ቱቦ የጋዝ። በየሳምንቱ ሰዓታት የሚፈጅ ኮረኮንች ላይ ለሚነዱ፣ ወይም ከባድ መኪና በፍጥነት ለሚያስኬዱ፦ ባለ አንድ ቱቦ። መሃል ላይ ያሉት ወደ ሁለት ቱቦው ቢያደሉ አይቆጩም።

አሁን ወደ ብራንዶቹ

አብዛኞቹ የመኪና ፋብሪካዎች ሾክ ከሌላ ኩባንያ ነው የሚያስመጡት። የጃፓን መኪና ላይ ኬዋይቢ፣ ቶኪኮ ወይም ሾዋ፣ የአውሮፓ መኪና ላይ ሳክስ ወይም ቢልስታይን ማግኘት የተለመደ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ሾክ ፈትቶ ጽሑፉን ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን ያው ኩባንያ ለገበያ የሚያወጣው ሾክ ከፋብሪካው ጋር ቁርጥ አንድ ነው ማለት አይደለም። ለገበያ የሚወጣው አንዱ ዕቃ ለብዙ ሞዴል እንዲሆን ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ስሜት ቁርጥ አድርጎ መመለስ የሚፈልግ ሰው የመኪናውን ፋብሪካ ዕቃ ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም።

ኬዋይቢ ሁለት መስመሮቹን ለዩ። ኤክሴል-ጂ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ዓላማው የፋብሪካውን ስሜት መመለስ ነው። ጋስ-ኤ-ጀስት ባለ አንድ ቱቦ ነው፣ በግልጽ ይጠነክራል። «ኬዋይቢ ገዛሁ፣ መኪናዬ ደረቀ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የገዛው ሁለተኛውን ነው። ሞንሮና ጋብሪኤልም የፋብሪካ ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው። ሁለቱም ሞላና ማውንት ተገጥሞለት የሚመጣ ሙሉ ስትራት አላቸው።

ቢልስታይን ቢ4 ለመደበኛ ምትክ፣ ቢ6 ደግሞ በፋብሪካው ቁመት ላይ ጠንከር ላለ አነዳድ ነው። ለፒክአፕና ለትላልቅ ኤስዩቪዎች 4600 ለመደበኛ ቁመት፣ 5100 ትንሽ ከፍ ለተደረገ መኪና ተሠርቷል። ሁለቱም ባለ አንድ ቱቦ ናቸው፣ ፒስተናቸው 46 ሚሊ ሜትር ነው። ቁመቱ ላልተነካ መኪና 5100 መግዛት ብዙ ጊዜ ያለ ፋይዳ ነው፤ 4600 በቂ ነው።

የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ የተለየ አስተሳሰብ አለው፤ እኔም እወደዋለሁ። ናይትሮቻርጀር የሚባለው ሾኩ ባለ ሁለት ቱቦ ቢሆንም ወፍራምና ለኮረኮንች የታሰበ ነው። ከሁሉ በላይ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ፣ መኪናው በሚይዘው ጭነት መጠን ነው የሚመረጡት። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው።

የኔዘርላንዱ ኮኒ ኤፍኤስዲ የሚባል ቫልቭ አለው። ለፈጣን ትንንሽ ንዝረት ይለሰልሳል፣ ለትልቁ የቦዲ እንቅስቃሴ ይጠነክራል። ምቾትና ቁጥጥር አንድ ላይ ለሚፈልግ የአስፋልት ሰው ጥሩ መልስ ነው። ራንቾ 9000 ዘጠኝ ደረጃ ያለው የእጅ ማስተካከያ አለው። ጠቃሚነቱ አንድ ሳምንት ባዶ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጭነት ለሚሄድ መኪና ነው። አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚረሳ ከሆነ ግን ላልተጠቀሙበት ነገር መክፈል ነው። ፎክስ ተፈትቶ የሚታደስ ነው። ለበረሃና ለውድድር ድንቅ ነው፤ የሚያድስ ባለሙያ በአቅራቢያው ለሌለው ሰው ግን አይመከርም።

ሙሉውን ስትራት ወይስ ባዶውን?

ባዶው ስትራቱ ብቻ ሲሆን፣ ሙሉው አዲስ ሞላ፣ አዲስ ማውንትና አዲስ ኩሽኔታ ተገጥሞለት ይመጣል። ሥራው በግማሽ ያጥራል። ሞላ ማመቅ የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። መኪናው አርጅቶ፣ ሞላው ዝጎ ወይም ከፊት ዝቅ ብሎ ከሆነ ሙሉው ይሻላል።

ችግሩ ሞላው ነው። አምራቹ አንድ ሞላ ለብዙ ዓይነት ሞዴል እንዲበቃ ስለሚያደርግ የመኪናው ቁመት ከበፊቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ጥራት ያላቸው ባዶ ስትራቶች ደግሞ ሙሉ ሆነው የማይገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። የፋብሪካው ሞላ ጤነኛ ከሆነ እኔ ባዶውን ጥሩ ስትራት ገዝቼ፣ ማውንቱንና ኩሽኔታውን አዲስ አድርጌ፣ ሞላውን ባስቀጥል እመርጣለሁ።

ሞላው ጤነኛ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ በሜትር ለኩ። ግራና ቀኙ ከተለያየ፣ ወይም ለሞዴሉ ከተጻፈው ቁመት ካነሰ፣ ሞላው ደክሟል። የትኛውም ሾክ ይህን አይመልሰውም። ማውንቱን ግን አሮጌውን መልሶ መግጠም አይገባም። የደከመ ማውንት ላይ የገባ አዲስ ስትራት ያው ያረጀ መኪና ድምፅ ያሰማል፤ ለመቀየር ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈታል።

ጭነት ላይ ያለው ስህተት

አሁን ያቺ ነጥብ። ሰባት ሰው ሲሳፈር ወይም ሻንጣ ሲሞላ ኋላው የሚቀመጥ መኪና ላይ ጠንካራ ሾክ መግጠም መፍትሔ አይደለም። ሾክ ክብደት አይሸከምም። ኋላው አሁንም ይቀመጣል፤ የሚጨመረው ባዶውን ሲነዳ መንገጫገጭ ብቻ ነው። አዘውትሮ የሚጫን ከሆነ ከበድ ያለ ሞላ፣ ከዚያም ለዚያ ሞላ የሚመጥን ሾክ። አልፎ አልፎ ከሆነ በሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ወይም እንደ ሞንሮ ማክስ-ኤር ያለ በአየር የሚሞላ ሾክ ይረዳል። ይህኛው ሲሞላ ግን የሾኩ መያዣ ብሎኖች ያልተሠሩበትን ክብደት መሸከም ይጀምራሉ፤ በአምራቹ ከተጻፈው ግፊት ማለፍ አይፈቀድም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ያላወቀውን ሰው በጣም ያስከፍለዋል። ሳክስ የሚሠራው ኒቮማት የሚባል የኋላ ሾክ አለ። በአንዳንድ የቮልቮ ኤክስሲ90 እና የሼቭሮሌት ሰበርባን ሞዴሎች ላይ ይገኛል። ሲታይ ወፈር ያለ ተራ ሾክ ነው፤ ሽቦም የአየር ቱቦም የለውም። ነገር ግን መኪናው ሲሄድ በራሱ እንቅስቃሴ ዘይቱን እየገፋ ኋላውን ያነሳል፣ ክብደትም ይሸከማል። ስለዚህ ፋብሪካው የገጠመለት ሞላ ለስለስ ያለ ነው። ይህን አውጥቶ ተራ ሾክ የገጠመ ሰው መኪናው በጭነት መሬት ሲነካ ያገኘዋል። ወይ ኒቮማቱን በኒቮማት መቀየር፣ ወይ ሞላውንም ሾኩንም አብሮ ወደ ተራው መቀየር ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ሾክ ላለውም ምክሩ ተመሳሳይ ነው። ካዲላክ ኤስካሌድ ላይ እንዳለው ማግኔራይድ ያለ፣ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያለበትና በማግኔት የሚጠነክር ዓይነት ከሆነ ተራ ሾክ ቢገጠም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። መቀየሪያ ኪት ለአንዳንዶቹ አለ። እንደ ሬንጅ ሮቨር በአየር የሚቆመውን ወደ ሞላ መቀየርም ይቻላል። ምቾቱ ግን የቀድሞው አይሆንም፤ ሲሸጥም ገዢ ይጠይቃል።

ከፍ ማድረግ ካማራችሁ

እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ በሞላና በሚመጥነው ሾክ ብዙውን ጊዜ ይቻላል። ከዚያ ሲያልፍ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያዎች፣ ቴስቲናዎችና የፍሬን ቱቦዎች ካልታሰቡበት አንግል ላይ ይቆማሉ። የላይኛውን ክንድ መቀየር ሁሉ ሊመጣ ይችላል። የተዘረጋ ርዝመቱን ሳታዩ ረጅም ሾክ አትግዙ። አጭር ሾክ ከረጅም ሞላ ጋር ከተገጠመ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ እርስ በርሱ እየተመታ ውስጡ ይሰበራል።

ሐሰተኛና ያገለገለ

ታዋቂ ስም ባለበት ሁሉ ሐሰተኛው አለ። ካርቶኑ ብዙ አይነግርም፤ ዕቃውን አውጡት። ብየዳው የተስተካከለ፣ ዘንጉ አንድ ወጥ ክሮም ያለው፣ ቁጥሩ በግልጽ የተጻፈና ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። የጋዝ ሾክ በማሰሪያ ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ሲፈታ በራሱ ቀስ ብሎ መዘርጋት አለበት። ተገፍቶ ገብቶ እዚያው የሚቀር «የጋዝ» ሾክ ጋዝ የለውም።

ከወላለቀ መኪና የወጣ ሾክ አትግዙ። ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቅ የለም። ተበስቶ ዘይት ተሞልቶለት የተበየደም እንዲሁ። ባለ አንድ ቱቦውን መብሳት ደግሞ በዚያ ግፊት ሳቢያ ለሚበሳው ሰው አደጋ ነው።

በጀቱ አራቱን ካልቻለ የፊቱን ሁለት ወይም የኋላውን ሁለት አድርጉ። አንዱን ብቻ አይቀየርም፤ ግራና ቀኙ ከተበላለጡ መኪናው ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ላይ እኩል አይታዘዝም።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

ጥሩ ሾክ በመጥፎ አገጣጠም በወራት ውስጥ ያልቃል። ዘንጉን በፒንሳ የያዘ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ክሮሙ ላይ የምትቀር ጭረት ወጣ ገባ ስትል ሲሉን ትበላዋለች፣ ዘይቱም ይፈሳል። የላይኛውን ዳዶ በአየር መፍቻ ማጥበቅም እንዲሁ አይመከርም፤ ዘንጉን አሽከርክሮ ውስጡን ሊጎዳ ይችላል።

ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ መለቀቅ አለበት። መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ሲቆይ ጋዙ ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል። መጀመሪያ ሲገፋ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ያለ ይመስላል፤ ሲደጋገም ያ ባዶነት ይጠፋና ከላይ እስከ ታች እኩል ይከብዳል። ያኔ ይገጠም። ተገልብጦ የሚገጠመው ባለ አንድ ቱቦው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው የታችኛው ብሎን ነው። ጎሚኒው መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አለው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ያ ቱቦ ባለበት አቅጣጫ ይቆለፋል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው የሚቆለፈው በተንጠለጠለበት አንግል ነው። መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፣ ተጠምዝዞም ይኖራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኑ በእጅ ይያዝ፣ መኪናው በጎማው ላይ ይቁም፣ የመጨረሻው ማጥበቅ ያኔ በቶርክ መፍቻ ይሁን።

ስትራት ከተቀየረ አላይመንት የግድ ነው። ከመፈታቱ በፊት የካምበሩ (የጎማው ማዘንበያ አንግል) ብሎን ያለበትን ቦታ በጭረት ምልክት ማድረግ መኪናው እስከ አላይመንቱ ቦታ ድረስ በደህና እንዲነዳ ይረዳል። ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ ይታዩ፣ የሾኮቹ ዙሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ይፈተሽ። በዚህ ጊዜ የሚረጥብ ሾክ የፋብሪካ ጉድለት ወይም የተጫረ ዘንግ ነው፤ ደረሰኙ በእጅ እያለ ወደ ሻጩ ይመለስ።